የቅጂ ዋጋ በራያ ቆላ

ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በዋጃ ማሽላውን ሸጦ ገንዘቡን ባንክ ያኖረ ገበሬ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት በራያ ቆላ ሲመላለስ የቅርንጫፉ በር ቢዘጋበትም ሒሳቡ አልጠፋበትም፤ ባሕረ መዝገቡ የተቀመጠው በዚያ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሳይሆን በአዲስ አበባ በባንኩ ማዕከላዊ ሰርቨር ነበርና። ጎረቤቱ ግን ቁጠባውን በማኅበር ደብተር ያስጻፈ እንደ ሆነ፣ ደብተሩም አንድ ብቻ እንደ ሆነ፣ እሳት ወይም ዘራፊ በገባበት ዕለት የሀብቱ ምስክር የጸሐፊው ትዝታ ብቻ ይሆናል።

ባለሙያዎቹ ባክአፕ የሚሉት የመጠባበቂያ ቅጂ እንደ ሸቀጥ ሲታይ ጠባዩ እንግዳ ነው፤ ወጪው የታወቀና ዛሬ የሚከፈል፣ ጥቅሙ ግን ምናልባት ከቶ የማይመጣ የመዓት ቀን የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ በጀት ሲጠበው አስቀድሞ የሚቀንሰው እርሱን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ፣ ሰርቨሩም ዲስኩም የሶፍትዌሩም ፈቃድ በዶላር የሚገዛ ነውና፣ ያው ቅጂ ከእጥፍ በላይ ብር ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ከዲስኩ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው የሰዓቱ ጉዳይ ነው፤ የስንት ሰዓት ሥራ ቢጠፋ እንታገሣለን? ከጠፋስ በኋላ በስንት ሰዓት ልንነሣ ይገባናል? ለባንክ መልሱ በደቂቃ ይቆጠራል፤ የገበያ ቀኑን ሒሳብ ማታ ደምሮ የሚዘጋ የገበሬዎች ማኅበር ግን የአንድ ቀን ሥራ ቢጠፋበት ከደረሰኝ ላይ እንደ ገና ሊጽፈው ይችላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ አንዱን በከንቱ ያስከፍላል፣ ሌላውን ያጋልጣል። ከዋናው ጋር በየቅጽበቱ የሚሄድ ቅጂም ብቻውን አያድንም፤ የዋናውን ስሕተት ወዲያው ይወርሳልና፤ ስሕተት ሲደርስ የሚያድነው እያንዳንዱን ክንውን ከነታሪኩ የያዘ መዝገብ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓቱን ሲያሻሽል በተፈጠረው ጉድለት፣ ደንበኞች በአንዲት ሌሊት ካላቸው በላይ ከ800 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ሲያወጡ፣ ባንኩ አብዛኛውን ለማስመለስ የቻለው እያንዳንዱ ዝውውር ከነባለቤቱ ስም ተመዝግቦ በመገኘቱ ነው።

የወሎ ሰው ቅጂን አርቆ ለማኖር ጥበብ ባዕድ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል የገዳሙን የመጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር የያዘ ሲሆን፣ ጥንታውያን ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በ1960ዎቹ ሲጀመር እርሱም ተራው ደርሶ ተነሥቶ፣ አንዱ ፊልም በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀመጠ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱ ከስፍራው የራቀ፤ ዛሬ የሙያው ሰዎች እንደ ቀኖና የሚያስተምሩት ይኸንኑ ነው። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ራክሲዮና ዊንጉ የተባሉት ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር ሠርተው ቦታ ያከራያሉ፤ መልካም ነው፤ ዋናውም መጠባበቂያውም በአንዲት ከተማ ካደረ ግን ርቀቱ የስም ብቻ ነው።

የዋጃና የቆቦ የቁጠባ ማኅበራት ለየብቻቸው ቅጂን በሩቅ ስፍራ የማኖርን ወጪ አይችሉትም። ተባብረው በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ወደ ደሴ ቢልኩ ግን፣ ትልቁ ሸክም ቅጂውን በየሦስት ወሩ ከፍቶ መነበቡን የሚያረጋግጥ አንድ ባለሙያ ደመወዝ ይሆናል፤ የየወረዳቸው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች በበጀታቸው አስቀድመው ሊይዙ የሚገባቸውም ይኸንኑ ደመወዝ ነው።