የክረምቱን ዝናብ ለበጋ ስለ ማቆየት

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ምሳሌ በጎጃም ደጋ ለሚኖር ሰው እንዲያው ተረት ብቻ አይደለም። ጨሞጋን፣ ሙጋንና ተምጫን የመሳሰሉ ወንዞች የሚመነጩበት የጮቄ ተራራ ከደብረ ማርቆስ እምብዛም አይርቅም። ከተማይቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። ይሁን እንጂ የዚህ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለ ሆነ፣ ጎርፉ አፈራችንን ይዞ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። በየካቲትና በመጋቢት ግን በየገጠሩ ምንጩ ይደክማል፤ እናቶችና ልጃገረዶች እንስራና ጀሪካን ተሸክመው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። በከተማም ቢሆን የቧንቧው ውኃ በተቋረጠ ቀን የሚቸገረው ቤተሰብ ብዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ነገር አንድ ነው። ይኸውም በጣራችን ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ በንጽሕና ቢጠራቀም ለበጋው የመጠጥና የመታጠቢያ ፍላጎታችን ሊበቃ እንደሚችል፤ ነገር ግን ሥራው ከአንድ ቤት ወደ ብዙ ቤት ሊሰፋና ሊጸና የሚችለው የእያንዳንዱ ተባባሪ ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ ሲታወቅ ብቻ መሆኑን ነው።

የውኃ ማነስና የልጆች ዓይን

ውኃ ሲያንስ ሰው አስቀድሞ የሚተወው መታጠብን ነው። ለመጠጥና ለወጥ የሚሆነውን እንደ ምንም ብሎ ያገኛል፤ የልጆቹን ፊትና እጅ ለማጠብ ግን ውኃው ያሳሳዋል። ከዚህም የተነሣ ተቅማጥ፣ እከክና የዓይን በሽታ በበጋ ይበረታሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ትራኮማ ወይም የዓይን ማዝ የሚባለው በሽታ ከታመመው ሕፃን ዓይንና አፍንጫ በሚወጣው ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ወደ ሌላው ይተላለፋል። በሽታው ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ የዓይኑን ብሌን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውረዋል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው 10 ልጆች ከ6 በሚበልጡት ላይ የበሽታው ምልክት ተገኝቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በሰፊው በመታደሉ በሽታው በብዙ ስፍራ ቀንሷል። ሆኖም መድኃኒት ሕመሙን ያድናል እንጂ የልጁን ፊት አያጥብም። ፊት ካልታጠበ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ለአንድ ልጅ ፊት የሚያስፈልገው ውኃ ደግሞ ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም።

የጣራው ሒሳብ

በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የቤቱ ቆርቆሮ 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ ለጥንቃቄ 900 ሚሊ ሜትር ብቻ ብንቆጥረው፣ ጣራው 36,000 ሊትር ይቀበላል። በመፍሰስና በመርጨት የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ እንኳ 28,800 ሊትር ይተርፋል።

አሁን ደግሞ ፍጆታውን እንመልከት። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያ፣ ለፊትና ለእጅ መታጠቢያ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢመድብ በቀን 25 ሊትር ያስፈልገዋል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያሉት ስምንት ወራት 240 ቀኖች ስለ ሆኑ የሚያስፈልገው 6,000 ሊትር ብቻ ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ 300 ጊዜ ወደ ምንጭ መመላለስን ያስቀራል። እንግዲህ የጎደለን ዝናብ ሳይሆን ማጠራቀሚያ መሆኑ በግልጽ ይታያል። ለትልቁ አቅም የሌለው ቤተሰብ ባለ 2,000 ሊትር ማጠራቀሚያ ቢኖረውና ውኃውን ምንጭ ለሚደክምበት ጊዜ ቢያቆየው፣ ለ80 ቀኖች ይበቃዋል።

ውኃው ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ

የዝናብ ውኃ ከሰማይ ሲወርድ ንጹሕ ነው፤ የሚያቆሽሸው ጣራችን፣ አሸንዳችንና እጃችን ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ሥርዓቶች ሊጠበቁ ይገባል።

1ኛ፤ በግንቦት ወር ጣራውና አሸንዳው ይጠረጉ፤ የማጠራቀሚያውም ውስጥ ታጥቦ ይለቅለቅ። የሣር ክዳን ውኃ ለመጠጥ አይሆንም።

2ኛ፤ በዝናብ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚመጣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሊትር፣ ማለትም ለ40 ካሬ ሜትር ጣራ 20 ሊትር፣ በሌላ ዕቃ ተይዞ ለጓሮ ይፍሰስ።

3ኛ፤ ማጠራቀሚያው ብርሃንም ትንኝም የማያስገባ ክዳን ይኑረው። ውኃው በሚገባበትና ሞልቶ በሚፈስበት ቀዳዳ ላይ ጥሩ ወንፊት ይታሰር።

4ኛ፤ ውኃው የሚቀዳው ከታች በተገጠመ ቧንቧ ይሁን እንጂ ጣሳ ወይም ቅል አይጠለቅበት።

5ኛ፤ ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ ይፈላ፣ ወይም የውኃ ማከሚያ ክሎሪን በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርበት።

የወንፊቱ ነገር ቀላል ሆኖ እንዳይታይ አንድ ምስክር እንጥቀስ። በትግራይ ተደርጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ 7 እጥፍ በወባ ይያዙ ነበር። የደብረ ማርቆስ ብርድ ለወባ ትንኝ የማይመች ቢሆንም፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት ቆላ ቀበሌዎች ክዳን የሌለው ውኃ ጥቅሙን የሚያጠፋ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ካለፈው ሥራ የተገኘ ትምህርት

ውኃ ማጠራቀም ለሀገራችን እንግዳ ጥበብ አይደለም። የደብረ ዳሞ መነኮሳት በተራራው አናት ላይ ከአለት በተፈለፈሉ ጉድጓዶች የክረምቱን ውኃ እያጠራቀሙ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውበታል። በቅርቡም በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. በአማራና በትግራይ ክልሎች እጅግ ብዙ የቤተሰብ ኩሬዎችና ጉድጓዶች በዘመቻ ተቆፍረው ነበር። ዓላማው መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሳይቆዩ ከጥቅም ውጭ ሆኑ። የተነጠፈው ላስቲክ ተቀደደ፣ ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ውኃው ሰረገ፣ ክዳን ያልነበራቸው ለሕፃናትና ለከብት አደጋ ሆኑ። የተቈጠረው የተቈፈረው ጉድጓድ እንጂ ውኃ የያዘው አልነበረም። ባለቤቱ ሳይመክርበትና ሳይሠለጥንበት የተሰጠ ነገር ሲበላሽ የሚያድሰው አይገኝም።

የሰመረላቸውንም እንመልከት። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት 2,000 ሊትር ያህል የሚይዙ የሲሚንቶ ጋኖች በየቤቱ እንዲሠሩ ሲወሰን፣ መንግሥት ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ፣ መንደርተኛው ጉልበትና ተዘዋዋሪ ገንዘብ አዋጡ። ኋላም ነጋዴዎች ጋኑን በርካሽ እየሠሩ መሸጥ ስለ ጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጋኖች ተዘረጉ። በብራዚል ደረቅ አውራጃዎችም ከ2003 ጀምሮ የሕዝብ ማኅበራት ኅብረትና መንግሥት ተባብረው፣ እያንዳንዳቸው 16,000 ሊትር የሚይዙ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ የጣራ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ሠርተዋል።

በክልላችንም ከ1994 እስከ 2011 በፈረንጆች አቆጣጠር በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ የተካሄደው የገጠር ውኃ ሥራ ከዚህ የሚስማማ ትምህርት ሰጥቷል። ሥራው የእጅ ጉድጓድና ምንጭ ማጐልበት ቢሆንም፣ ከ2003 በኋላ ገንዘቡ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል መንደርተኛው ለመረጠው የውኃ ኮሚቴ እየተሰጠ፣ ኮሚቴው ራሱ ዕቃ ገዝቶ ያሠራ ነበር። ሕዝቡም ጉልበቱንና ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ያዋጣ ነበር። ገንዘቡን ራሱ ያወጣና የተቈጣጠረ ሰው ቧንቧው ሲሰበር የሌላውን እጅ አይጠብቅም።

የእያንዳንዱ ተባባሪ ድርሻ

ቤተሰቡ ቦታ፣ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያቀርባል፤ የጽዳቱም ኃላፊ እርሱ ነው። ጎረቤት በወንፈል መሬቱን ይደለድላል፣ ድንጋዩን ይክባል። ገንዘቡንም በለመድነው ዕቁብ ማሰባሰብ ይቻላል፤ 10 ቤቶች በየወሩ ቢያዋጡና ዕጣ የደረሰው ማጠራቀሚያ ቢሠራበት፣ በ10 ወር ሁሉም ባለ ማጠራቀሚያ ይሆናሉ። ዕድሩም የጋራውን ወንፊት፣ ቧንቧና መለዋወጫ ሊያስቀምጥ ይችላል። የወረዳው የውኃ፣ የእርሻና የጤና መሥሪያ ቤቶች በየፊናቸው ከመሄድ ይልቅ በአንድ ዕቅድ ተስማምተው ግንበኞችን ያሠልጥኑ፤ በየዓመቱም የተሠራውን ሳይሆን በመጋቢት ወር ውኃ የተገኘበትን ማጠራቀሚያ ይቍጠሩ። ነጋዴውና ረድኤት ሰጪው ሲሚንቶና ቆርቆሮ ቢያግዙ፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ ጠጋኙ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

ለጓሮ አትክልት የሚሆነው ውኃ ከመጠጡ ይለይ። አሥር ካሬ ሜትር የጎመን መደብ በበጋ በቀን እስከ 50 ሊትር ሊጠጣ ስለሚችል፣ ይህን ከጣራው ማጠራቀሚያ መውሰድ ልጆቹን ማስጠማት ነው። ለአትክልቱ የመታጠቢያውን እጣቢ፣ የኩሬውን ውኃና እርከን የያዘውን እርጥበት መጠቀም ይሻላል። ጎመንና ካሮት በበጋ ከገበታው ካልጠፉ የልጆች ዓይንና አካል ይጠነክራል፤ ቤቱም አትክልት ለመግዣ ከሚያወጣው ገንዘብ ይተርፍለታል።

የመምህራን ሥራ

የትምህርት ቤት ጣራ ሰፊ ነው። ርዝመቱ 50፣ ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ የክፍሎች ረድፍ 400 ካሬ ሜትር ጣራ ስለሚኖረው፣ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በጣለ ቀን አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 6,400 ሊትር ይሰጣል። ባለ 20,000 ሊትር ማጠራቀሚያ ቢሠራ፣ 400 ተማሪዎች በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ለእጅና ለፊት ቢታጠቡ 100 የትምህርት ቀኖች ያደርሳቸዋል። ይህ ዓመቱን ሙሉ አይሸፍንም፤ ምንጩ የሚደክምበትን ጊዜ ግን ያሻግራል። መምህራንም ተማሪዎቻቸው የየራሳቸውን ቤት ጣራ ለክተው ሒሳቡን እንዲሠሩ ቢያደርጉ፣ ትምህርቱ ማታውን ወደ ወላጆች ይደርሳል።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ዕቁቡ የሚጣለውና ስምምነቱ የሚጻፈው በበጋው ነው፤ አሸንዳውም የሰኔ ደመና ሳይከብድ ሊሰቀል ይገባዋል። ሰኔ ከገባ በኋላ የሚታሰብ ማጠራቀሚያ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል፤ በመካከሉ ያለውን በጋ ግን ልጆቻችን ፊታቸውን ሳይታጠቡ ያሳልፉታል።