ክርክሩ በነጥብ፣ ችግሩ ግቢ ውስጥ

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ይፋ ሆኖ የወንዱና የሴቱ ጎን ለጎን በታየ ቁጥር፣ ለዓመታት ያልበረደው ሙግት እንደገና ሲነሣ ኖሯል። በዶርምም በካፌ ሰልፍም የሚሰማው አንድ ነው፦ «እሷ እኮ በአፈርማቲቭ ነው የገባችው።» ንግግሩ የሚያቆስለው በአፈርማቲቭ፣ ማለትም ለሴቶች በሚደረገው የነጥብ ድጋፍ፣ የገባችውን ብቻ አይደለም። ከብዙ ወንዶች በላይ አምጥታ የገባችውም በቡድን አሳይመንት ላይ ስሌቱ ለወንዶቹ ተሰጥቶ፣ ለሷ መተየቡና ማሳተሙ ይተርፋታል።

ድጋፉ ሕጋዊ መሠረት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35፣ ሴቶች የወረሱት የበታችነት ታሪክ ታስቦ ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ የማግኘት መብት ሰጥቷቸዋል።

ከተቃዋሚዎቹ ክርክር ግን በቀላሉ የማይታለፍ አለ። ቤተ ሙከራ በሌለው የገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ፣ አዲስ አበባ በግል ትምህርት ቤት ያደገችዋ ከኔ ባነሰ ነጥብ ለምን ትገባለች ይላል። እውነት አለው፤ የድጋፉ ስሌት የሱንም ድህነት ማየት ነበረበት። ነገር ግን የዚያው ልጅ እህት የት ናት? እሱ ደብተሩን ሲገልጥ እሷ ጀሪካን ይዛ ውሃ ወርዳለች፤ ስትመለስ ምጣዱና ታናናሾቿ ይጠብቋታል። 12ኛ ክፍል ሳይደርሱ የተዳሩትም ብዙ ናቸው። ለታዳጊ ክልሎችና ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችም ነጥብ ዝቅ ሲደረግ ኖሯል፤ በነሱ ላይ ግን የዚህን ያህል ሲወረፍ እምብዛም አልሰማሁም። ስለዚህ ቁጣው ሁሉ ከነጥቡ የመጣ አይመስለኝም።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከተሰጠ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተቀይሯል። ያን ዓመት ለወንድም ለሴትም የማለፊያ መስመር የሆነውን 50 በመቶና በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ያንን መስመር ያለፈች ልጅ ወንዱ ያለፈበትን መስመር ነው ያለፈችው። «በአፈርማቲቭ የገባች» የሚለው ስሟ ግን አሁንም አልተለወጠም።

ሴት ተማሪዎችን ስለ ፖሊሲው ስትጠይቋቸው ወሬው ከነጥብ ቶሎ ይወጣል። ከላይብረሪ ማታ ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም ይላሉ። ስለዚህ ወንዱ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያነብ እሷ በጊዜ ትገባለች፤ ይህ በሴሚስተር ሲደመር የስንት ሰዓት ጥናት ልዩነት ነው? ቱቶሪያል አለ ይባላል፤ የሚሰጠው ግን ፈተና ሊደርስ ሲል ነው፤ የገባችበትም ደካማ እየተባለች ትታያለች።

ከሁሉ የከበደው ውጤት በመምህር እጅ መሆኑ ነው። «ቢሮ ነይና ወረቀትሽን እይ» የሚለው ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ ሴቶቹ ሲኒየር ለፍሬሽ እየነገሩ ይጠባበቃሉ። ዩኒቨርሲቲዎች ጾታዊ ትንኮሳን የሚከለክል ደንብ አላቸው። ነገር ግን አቤቱታዋን የሚሰሙት የተከሳሹ ባልደረቦች ከሆኑ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተርም ያው መምህር የሚያስተምራት ከሆነ፣ ደንቡ ለማን ነው? ዝም ማለቷን እንደ ስምምነት የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ስሌት አላዩም። የዩኒቨርሲቲዎቹ የጀንደር ቢሮዎችም ቢሆኑ መምህርን የመጠየቅ ሥልጣን ከሌላቸው የሚተርፋቸው ሥልጠና ማዘጋጀትና የካቲት 29 የሚውለውን የሴቶች ቀን ማክበር ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው «የሎው ሙቭመንት» የተባለ የተማሪዎች እንቅስቃሴ በፍቅረኞች ቀን አበባ እየሸጠ ችግረኛ ሴት ተማሪዎችን ሲረዳ ቆይቷል። የሚያኮራ ሥራ ነው። ሆኖም ለአንዲት ተማሪ የንጽሕና መጠበቂያና የኮፒ ገንዘብ ማሟላት የአበባ ሻጭ ተማሪዎች ሸክም ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የዩኒቨርሲቲው በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

የትንኮሳ አቤቱታም ከትምህርት ክፍሉ ውጭ፣ ለዲኑም ለመምህሩም በማይታዘዝ አካል ይታይ። ትምህርት ሚኒስቴርም የገቡትን ሴቶች ቁጥር ብቻ ይዞ አይቅረብ፤ ከነሱ ስንቶቹ ተመረቁ፣ ስንቶቹ በውጤት ተባረሩ፣ ስንቶቹ ሻንጣቸውን ይዘው በራሳቸው ወጡ የሚለውን በየዩኒቨርሲቲው ለይቶ በየዓመቱ ያውጣ።