«ኤርታሌ» ጋምቤላ ላይ ሲሰማ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የምተዳደረው ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈን በመሙላት ነው። ኑዌሩ የጁባ ዘፈን ይፈልጋል፣ አኙዋኩ የራሱን፤ ደገኛው ጥላሁንን ወይም ቴዲ አፍሮን ይላል። ሮክ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። የባጃጅ ሾፌሮች «ባስ ያለው ነገር ሙላልን» ሲሉኝ ግን የሀገራችንን የሮክ ቡድን የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ከፍቼ አሰማቸዋለሁ፤ ብዙዎቹም ይወስዱታል።

አልበሙ የወጣው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል፣ ራሱም ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮክኢት»ን የሠራው፣ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» አልበም ያዘጋጀው እሱ ነው። ስለዚህ ከጃኖ ልጆች ጋር ሲገናኝ ጆሮው ለእኛ ዜማ እንግዳ አልነበረም።

ሮክ ወዳድ ጓደኞቼ «በጣም ተሞረደ፣ ወደ ፖፕ አደላ» ይላሉ። ሮክ ሸካራ መሆን አለበት ባዮች ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ባንዱ በ«ኤርታሌ» ጊዜ አራት ድምፃውያን ነበሩት፤ ኃይሉ አመርጋ፣ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅና ሔዋን ገብረወልድ። አራት ጉሮሮ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ያለ ሥርዓት ቢለቀቅ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነበር። በሚክስ ጊዜ እያንዳንዱ ድምፅ ቦታውን ስላገኘ ጊታሩ ቢጮህም ግጥሙ ይሰማል። በእኔ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ በደንብ የተሠራ ቤዝ ግን ከፍ ያሉ ቀጫጭን ድምፆችን አብሮ ይይዛልና ጆሮ ከእነሱ ተነስቶ የጎደለውን ይሞላል። በርካሽ ስልክም ቢሆን ዘፈኑ አይሞትም።

ደግሞስ ምን ተሞረደ? ቅኝቱ አልተነካም። የሮክ ጊታሪስቶች በሶሎ ሲሮጡ የሚመላለሱባት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ከባቲ ማይነር ቅኝት ጋር አንድ ናት። የጃኖ ጊታር ሀገርኛ ሆኖ የሚሰማኝ ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ አማርኛ የማይችል የኑዌር ወጣት አልበሙን ሙሉውን ቆሞ ሰምቶ፣ ሚሞሪውን አውጥቶ ሰጠኝ።

እንዲህ ያለ ስቱዲዮ፣ እንዲህ ያለ ጆሮ ለቶምም ቢደርስ እመኛለሁ። ቶም አኙዋኩም ኑዌሩም ማዣንጉም የሚጫወተው ነው፤ ሣጥን ላይ የተደረደሩ የብረት ምላሶች በአውራ ጣት እየተመቱ ይዘፈንበታል። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ቅጂ በስልክ፣ በግቢ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ዶሮ ይጮሃል፣ ቶሙ ከሩቅ ይሰማል። ደንበኞቼ ይህንኑም በፍቅር ይወስዱታል። የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። ከጎኑ የሚሞላው የጁባ ዘፈን ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ወጣቱ ጥራትን የሌላ ሀገር ሀብት አድርጎ እያደገ ነው።

ቶምን በጥራት መቅዳት ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለሣጥኑ አንድ ማይክ፣ ለዘፋኙ ሌላ። ቤዝና ድራም ከኋላ ቢመጡም ቅር አይለኝም፣ «ኤርታሌ» ላይ ጊታሩ ዜማውን አልዋጠውምና። ቀጂውን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ብረቱ ሲመታ የሚያወጣውን ዝዝታ እንከን ነው ብሎ እንዳያጠፋው፤ የባሮ ወንዝ ዳር ሰው ቶምን የሚለየው በእሱ ነው።