የሥርወ መንግሥት መሥራቾች ቅርስ፤ ዐፄ ይኩኖ አምላክና የማሊው ሰንጃታ ኬይታ

የአንድ ሥርወ መንግሥት መሥራች ምን ሠራ ተብሎ ሲጠየቅ፥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ድል ያደረገው ጠላትና ያቀናው አገር ስፋት ነው። ይህ መለኪያ ግን ጐደሎ ነው፤ በጦር የተያዘ አገር በጦር ይወሰዳልና። ከዚህ ይልቅ መሥራቹ ካለፈ በኋላ ምን ጸንቶ ቀረ፤ ያጸናውስ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ለዚህ ምርመራ በአንድ ምዕት ዓመት የተነሡትን ሁለት የአፍሪካ ነገሥታት እናስተያያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሰንጃታ ኬይታ በ1235 ገደማ ኪሪና በተባለው ስፍራ የሶሶን ንጉሥ ሱማንጉሩ ካንቴን ድል አድርገው፥ በላይኛው የኒጀር ወንዝ አገር የማሊን መንግሥት መሠረቱ። በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የጻፈው ኢብን ኻልዱን ማሪ ጃጣ ብሎ ይጠራቸዋል፤ 25 ዓመት እንደ ነገሡም ይናገራል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ ደግሞ ከአማራ ተነሥተው በ1270 የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ አሸንፈው እስከ 1285 ገዙ። ጳጳስ እንዲላክላቸው ወደ ግብጹ ሱልጣን ወደ ባይባርስ መልእክት ሰደዋል፤ ላስታ ውስጥ በሚገኘው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ሥዕላቸው በግድግዳ ላይ ይታያል።

ሁለቱም በሰይፍ የያዙትን ዙፋን በምን መብት እንደ ያዙት ማስረዳት ነበረባቸው። ሕዝቡም መልሱን በተረት አልብሶ አቈየው። የሚያስደንቀው በሁለቱም ዘንድ አውራ ዶሮ መገኘቱ ነው። በእኛ አገር እንደሚተረከው፥ ራሱን የሚበላ ሰው እንደሚነግሥ እየጮኸ የሚናገር ዶሮ ነበረ፤ ራሱም ለይኩኖ አምላክ ደረሰ። በማንዴ ሕዝብ ትረካ ደግሞ የሱማንጉሩ አስማታዊ ኀይል የጠፋው ከነጭ አውራ ዶሮ እግር የተወሰደ ሹል ጥፍር በተሰካበት ፍላጻ ሲነካ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይገባም። ዶሮው በአንደኛው ትረካ ንግሥናን ይሰጣል፤ በሁለተኛው የቀድሞውን ንጉሥ ኀይል ይነጥቃል። የሁለቱም ተረት አሳብ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሥልጣን ከጦር ብቻ እንዳልመጣ ማስረዳት ነው።

ተረቱ ግን ወራሾችን አላስማማም። በኢትዮጵያ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ልጅ ዐፄ ይግባ ጽዮን በ1294 ሲሞቱ፥ እስከ 1299 ባሉት 5 ዓመታት ውስጥ 5 ነገሥታት ተፈራረቁ። በማሊም እንዲሁ የሰንጃታ ልጅ ማንሳ ኡሊ ካለፉ በኋላ ዙፋኑ ተናወጠ፤ በምዕት ዓመቱ መጨረሻ ገደማም ሳኩራ የተባለ ነፃ የወጣ ባሪያ መንግሥቱን ያዘ። በኋላ ግን ዙፋኑ ወደ ኬይታ ቤት ተመለሰ፤ በ1324 መካን የተሳለሙት ማንሳ ሙሳም ከዚሁ ቤት ናቸው። እንግዲህ ሁለቱም መሥራቾች የአወራረድን ጥያቄ ፈትተው አላለፉም። መፍትሔውን የፈለጉት ተከታዮቻቸው ናቸው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት መልስ ተራራና መጽሐፍ ነበረ። የነጋሢ ልጆች በአምባ ግሸን ይጠበቁ ጀመር፤ የሽሚያው በርም ጠበበ። በ14ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያም በይስሐቅ ስም የሚታወቀው ክብረ ነገሥት በግእዝ ተዘጋጅቶ፥ የዘር ሐረጉን እስከ ንጉሥ ሰሎሞን አደረሰው። የዚህ አሳብ ብርታት እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ በ1955 የወጣው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ የሚቈጥረው በዚሁ መሠረት ነው። ዙፋኑ በ1974 ሲወድቅ ሥርወ መንግሥቱ ስሙን ይዞ 700 ዓመት ያህል ቈይቶ ነበር።

የማሊ መንግሥት ግን ዕድሜው ከዚህ ያነሰ ነው። በ1433 ገደማ ቲምቡክቱን አጣ፤ በ1599 በጄኔ ድል ከሆነ በኋላም ተበታተነ። ነገር ግን የሰንጃታ ቅርስ ከዙፋኑ ጋራ አልጠፋም። ጄሊ የሚባሉት፥ ከአባት ወደ ልጅ ቃል የሚያወርሱ ባለሙያዎች፥ ከኪሪና ድል በኋላ በኩሩካን ፉጋ ጉባኤ ተደርጎ ጐሣዎች ማዕርግና ሥራ እንደ ተደለደለላቸው፥ በቀልድ የመዛመድም ልማድ እንደ ተወሰነ ይተርካሉ። በ1998 በጊኒ አገር በካንካን ከጄሊዎች ቃል የተጻፈው ደንብ 44 አንቀጽ አለው፤ ጥንታዊነቱ ግን ሊቃውንትን ያከራክራል። በካንጋባ ያለው የተቀደሰ ቤት ክዳንም በየ7 ዓመቱ ሲታደስ፥ የማንዴ ሕዝብ የጥንት ታሪኩን በጄሊዎች አፍ ይሰማል።

እንግዲህ የአንዱ ቅርስ ቤተ መንግሥት፥ የሌላው ማኅበራዊ ሥርዓት ሆነ። በዙፋን ዕድሜ ብንመዝን ዐፄ ይኩኖ አምላክ ይበልጣሉ፤ ዙፋን ሲጠፋ በሕዝብ ኑሮ ውስጥ በሚቀረው ብንመዝን ሰንጃታ ይቀድማሉ። ተማሪም በዚህ ላይ ሁለት ነገር ሊጠነቀቅ ይገባዋል። መጽሐፉ በጽሑፍ ስለ ሆነ ብቻ የ1270 ምስክር አይሆንም፤ ከድሉ በኋላ የተዘጋጀ ነውና። ትረካውም በቃል ስለ ሆነ ብቻ ተረት ተብሎ አይጣልም፤ ሱማንጉሩን በሚመለከት ያለፈው ሁሉ ባይረጋገጥ እንኳ፥ ሕዝቡ ትክክለኛ ሥርዓት ብሎ የሚያምነውን ያሳያልና። የመሥራቹን ሥራ ከዘመኑ ምስክር፥ የመሥራቹን ቅርስ ግን ከተከታዮቹ ቃል መፈለግ ይገባል፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው የልጅ ልጆችን ሥራ ለአያት ይቈጥራል።