የዋልያ ገደል፣ የግጭ ሰፈር

ዩኔስኮ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዓለም ቅርስ መዝገብን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት የቪክቶሪያ ፏፏቴም፣ ኪሊማንጃሮም፣ ሴሬንጌቲም አልነበሩበትም። በዚያ በ12 ስፍራዎች በተጀመረ መዝገብ ከአፍሪካ በተፈጥሮ ሀብትነቱ የሰፈረው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ብቻ ነው። ከአሜሪካው የሎውስቶንና ከኢኳዶሩ ጋላፓጎስ እኩል ቆመ።

ክብሩ የሚገባው ነበር። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት እየተደራረበ ደጋውን ሠራ፤ በላዩም ታላቅ እሳተ ገሞራ ተቆለለ። ከዚያ ወዲህ ያለው የውሃ ሥራ ነው። ወደ ተከዜ የሚወርዱት ወንዞች ዓለቱን ሲቆርጡ ኖረው እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ገደል አበጁለት። በሜዳው ጓሳ ይተኛል፣ ጅብራ ከሰው በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኘው ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ እንደ እሱ በሣር የሚኖር ሌላ የዝንጀሮ ዘመድ በዓለም የለም። ዋልያ ደግሞ ከዚሁ ተራራ በቀር ሌላ አገር የለውም።

ይህ ሁሉ ግን ሰው አልባ ምድር ላይ የተገኘ አይደለም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲከለል በውስጡ ገብስ የሚያርሱ፣ ከብትና በግ የሚያረቡ ገበሬዎች ነበሩ። የዋልያን መኖሪያ ወሰን የሚያውቁት እነሱ፣ የሚያጠብቡትም እነሱ ነበሩ። የደርግ መንግሥት ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮችን በግዳጅ አስነሳ። ያ ሥራ ፓርክ የሚለውን ስም በአካባቢው ሰው ጆሮ ለረጅም ጊዜ አመረረው፤ እኔ እንደማምነው ቂሙ በዋልያው ላይ ከተተኮሰው ጥይት ያልተናነሰ ጉዳት አድርሷል። ቀጥሎ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ጥበቃውን ከናካቴው አፈረሰው። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዋልያን ቁጥር ማሽቆልቆል፣ የሰው ሰፈራንና በፓርኩ መሐል የተሠራውን መንገድ ጠቅሶ ስፍራውን በአደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባው።

ከዝርዝሩ ለመውጣት 20 ዓመት ፈጀ። የፓርኩ ወሰን ከ136 ወደ 412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሰፋ፤ ተለዋጭ መንገድ ታሰበ፤ ልቅ ግጦሽን መቀነስ ግዴታ ሆነ። ከሁሉም የከበደው የግጭ ጉዳይ ነበር። ግጭ በፓርኩ እምብርት፣ በደጋው አናት ላይ የነበረ መንደር ነው። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በማግስቱ ዓመት፣ ሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። እንደ አገር ተደሰትን፤ ደስታውም ትክክል ነበር። ነገር ግን የደስታው ዋጋ ከማን ኪስ እንደተከፈለ አንስተን የተወያየን ጥቂቶች ነን። ዕድሜውን ማረስና ማርባት የሚያውቅ ሰው በካሳ ገንዘብ የከተማ ኑሮ ሲጀምር ገንዘቡ ያልቃል፤ ልጁን የሚያወርሰው ማሳም ከብትም የለም። ስለ ዓለም ቅርስ ሲባል ቀዬውን የለቀቀ ሰው ቢያንስ ከቅርሱ ገቢ ቋሚ ድርሻ ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መከራው አልቀለለም። በ2011 ዓ.ም. የተነሳው ቃጠሎ የደጋውን ሣርና አስታ በላ፤ ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች እስከ መምጣት ደረሱ፤ ከሁሉ በፊት ግን እሳቱን በቅርንጫፍ እየመታ የታገለው የአካባቢው ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፣ ከእሱም በኋላ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት። ቱሪስት ሲቀር አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩና የጉዞ አብሳዩ ሥራ ፈቱ። የዋልያው ቁጥር ባለፉት ዓመታት እንደገና አሽቆልቁሎ ወደ ጥቂት መቶዎች ወርዷል። ስታዲየም ገብተን ብሔራዊ ቡድናችንን «ዋልያዎቹ» እያልን ስንጮህ፣ ስሙን ያዋሰን እንስሳ በመላው ዓለም የቀረው ከአንዱ የስታዲየም ጥግ ተመልካች ያነሰ መሆኑ ሊያስደነግጠን ይገባል።

ዋልያ በየትኛውም የዓለም መካነ እንስሳት ተይዞ አይረባም። ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት የሚባል አማራጭ ስለሌለ ጥበቃው ሰላምን ወይም ጎብኚን መጠበቅ አይችልም። የፓርኩ ጠባቂ ስካውቶች ደመወዛቸው ሳይቋረጥ፣ ቆጠራው ሳይታጎል፣ የግጭ ልጆች ከማንም ቀድመው በጥበቃና በአስጎብኚነት እየተቀጠሩ ሊሠራ ይገባል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው በጀት ለአንድ መካከለኛ መንገድ ጥገና ከሚወጣው የሚበልጥ አይመስለኝም፤ የክልሉም የፌዴራሉም መንግሥት ዘንድሮ ሊወስኑበት የሚችሉት ነው።