ማትሪክ የማይጠይቀው ዩኒቨርሲቲ

የብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመጣን ሰው፣ ከጥቂት ትምህርቶች በስተቀር፣ «ውጤትህን አሳይ» አይለውም። በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ፋብሪካ የገባውም፣ ልጆቿን ስታሳድግ ዓመታት ያለፉባት እናትም ይመዘገባሉ።

ሐሳቡን በኋላ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሃሮልድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ግላስጎው ላይ ሲያነሱት «የአየር ዩኒቨርሲቲ» ብለውት ነበር። ብዙዎች ሲያላግጡበት፣ ገፍተው እውን ያደረጉት የስኮትላንዳዊ ማዕድን ቆፋሪ ልጅ የነበሩት ሚኒስትር ጄኒ ሊ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1969 ተቋቁሞ፣ በጥር 1971 ከ20,000 በላይ ተማሪዎችን ይዞ ሥራ ጀመረ።

ትምህርቱ በቢቢሲ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ሰዓቱ ግን ወይ ገና በማለዳ ነበር፣ ወይ አገር ሲተኛ። ቪዲዮ መቅጃ በየቤቱ ባልገባበት ዘመን እንቅልፍ የጣለው ተማሪ ትምህርቱ አመለጠው ማለት ነው። በሰው ዘንድ ስሙን ያስጠራው ቴሌቪዥኑ ይሁን እንጂ፣ ለእኔ ትልቁ መሣሪያ ፖስታ ቤቱ ነበር። መጽሐፉ በፖስታ ይመጣ ነበር። ሳይንስ ለሚማር ደግሞ ትንሽ የፕላስቲክ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር በካርቶን ታሽጎ ቤቱ ድረስ ይላክለት ነበር፤ የወጥ ቤት ጠረጴዛው ላብራቶሪ ይሆን ነበር። አሳይመንቱን ጽፎ ሲልክ፣ የተመደበለት አስተማሪ አንብቦ፣ ኅዳጉ ላይ አስተያየት ጽፎ ይመልስለት ነበር። ይህ አስተማሪ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ሁሉ መጽሐፍ ማደል ብቻ በሆነ ነበር።

በርቀት ከተማሩት መካከል መለስ ዜናዊ ይገኙበታል፤ ሕክምና ጀምረው ወደ ትግል በመውጣታቸው ያልጨረሱት ሰው፣ አገር እየመሩ በ1995 ኤም ቢ ኤያቸውን ያገኙት ከዚሁ ተቋም ነው።

የሌሊቱ የቢቢሲ ትምህርት በ2006 አበቃ። አሁን አብዛኛው በኢንተርኔት ነው፤ አሳይመንቱም በደቂቃ ይደርሳል። በነፃ የሚለቀቁ የኢንተርኔት ኮርሶችን ጀምሮ የሚጨርሰው ጥቂት ሰው መሆኑን ሳይ ግን፣ ዩኒቨርሲቲው አስተማሪዎቹን አለመተዉ ብልህነት ይመስለኛል።

ዛሬ ጎልማሳውን የሚያስቀረው ከርቀቱ ይልቅ ገንዘቡ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2012 የመንግሥት ድጎማ ተቀንሶ ክፍያው ሲያሻቅብ፣ እየሠራ የሚማረው ሰው ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ። ስኮትላንድ ውስጥ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ተማሪ ግን፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲማር ክፍያው በመንግሥት ይሸፈንለታል።