የእንግሊዝ የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ

በድሬዳዋ አጠገብ በመልካ ጀብዱ፣ በአንድ ሽማግሌ ቤት ግድግዳ ላይ የሰርጓጅ መርከብ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይገኛል። ነገሩ ለሰሚው ያስቃል፤ መልካ ጀብዱ ባቡር እንጂ መርከብ የሚያልፍባት አገር አይደለችምና። ይሁን እንጂ የሽማግሌው አባት አደን ተሻግረው ይነግዱ ስለነበር ፎቶግራፉን ያመጡት ከዚያ ነው። በጀርባው ላይ በእርሳስ «የእንግሊዝ ሰርጓጅ፤ አደን፤ 1932» ተብሎ ተጽፏል። የመርከቧ ስም ግን የለም። እኛም ማንነቷን መርምረን ያገኘነውን፣ ይልቁንም መንገዱን፣ ለጓደኞቻችን ልናስረዳ ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ የያዘ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በባንዲራው ላይ ነው። ከማማው በስተኋላ ባለው ዘንግ ላይ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነጭ ባንዲራ፣ መስቀሉም ሳይቀር በግልጽ ይታያል። ጉዳዩ በዚሁ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ ሌላ ባንዲራ አለ፤ ግራና ቀኙ ጠቆር ያለ፣ መካከሉ ነጭ። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለሞቹን ለይቶ ስለማያሳይ ይህ የፈረንሳይም የኢጣልያም ሊሆን ይችል ነበር። ሆኖም በአጉሊ መነጽር ሲታይ በነጩ ላይ የጋሻ ቅርጽ አለበት። ይህም የኢጣልያ ነገሥታት የሳቮያ ቤት ምልክት ነው። ከቀለሙ ይበልጥ የሚናገረው ግን የባንዲራዎቹ አሰቃቀል ነው። በባሕረኞች ልማድ የተማረከች መርከብ የማራኪዋን ባንዲራ ከላይ፣ የራሷን ከታች አድርጋ ትታያለች። ስለዚህ ፎቶግራፉ የሚያሳየው የእንግሊዝን ምርኮ ነው ማለት ነው።

የትኛዋ ምርኮ? ርዝመት ብዙ አያስተማምንም። በጀርባዋ ላይ የቆመውን ሰው ቁመት እንደ መለኪያ ይዞ ማስላት ይቻላል፤ ነገር ግን መርከቧ አግድም ሳትሆን ዘወር ብላ ስለተነሣች ርዝመቷ አጥሮ ይታያል። ደግሞም «ኤስ» የሚባሉት የእንግሊዝ ሰርጓጆች 66 ሜትር ገደማ፣ አንዳንድ የኢጣልያዎቹ 70 ሜትር ገደማ ስለነበሩ ልዩነቱ ከስሕተቱ አይበልጥም። የተሻለው ምስክር መድፍ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት አብዛኞቹ የእንግሊዝ ሰርጓጆች ከማማው ፊት አንድ መድፍ ብቻ ነበራቸው። የእኛይቱ ግን አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ ሁለት አላት።

ኢጣልያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ 8 ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ከነዚህ አንደኛዋ ስሟ መቀሌ ነበር! ፋሺስቶች ለአንድ ዓይነት ሰርጓጆቻቸው ከአገራችን ስም እየወሰዱ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ ዋቢ ሸበሌ ብለዋቸው ነበር። በ1888 አድዋ ላይ የተመታ ወገን አድዋን በብረት ላይ ጽፎ ባሕር ውስጥ ማስገባቱ ቁጭቱ እንዳልወጣለት ያሳያል። መቀሌም ብዙ አልቆየችም፤ የማቀዝቀዣዋ ጋዝ አምልጦ ሠራተኞቿን መረዛቸውና በጦርነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከሱዳን ጠረፍ አጠገብ ኮረት ላይ ወጥታ ጠፋች።

ከስምንቱ ውስጥ ከማማው ፊትና ኋላ ሁለት ባለ 100 ሚሊሜትር መድፎች የነበሯቸው ጋሊሌዎ ፌራሪስና ጋሊሌዎ ጋሊሌይ ብቻ ናቸው። ፌራሪስ ምጽዋ ከመያዟ በፊት አምልጣ አፍሪካን ዞራ ፈረንሳይ ደረሰች፤ በጥቅምት 1934 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሰጠመች። ስለዚህ የምትቀረው ጋሊሌይ ናት።

አያያዟ ደግሞ ለብቻው ይነገርለታል። ሰኔ 9 ቀን ጄምስ ስቶቭ የተባለችውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ ከአደን አጠገብ አሰጠመች። ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት የዩጎዝላቪያ መርከብ ለማስቆም ስትተኩስ ያለችበት ታወቀ። ሰኔ 12 ቀን ሙንስቶን የምትባል፣ በመጀመሪያ ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራች ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ አገኘቻትና ፈንጂ ጣለችባት። ጋሊሌይ ይህችን ትንሽ ባላጋራ በመድፍ እጨርሳለሁ ብላ ብቅ አለች። ሁለት መድፍ ይዛ ባለ አንድ መድፏ አሸነፈቻት፤ ጥይቱ ማማዋን መትቶ አዛዡን ኮራዶ ናርዲን ገደለው። ካንዳሃር የተባለች የጦር መርከብም ደርሳ ወደ አደን ጎተተቻት። በዚያው ወር ቶሪቼሊና ጋልቫኒም ስለ ሰጠሙ ከስምንቱ አራቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠፉ።

ይህ ለድሬዳዋ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ ሜዳ የሚነሡ የኢጣልያ አውሮፕላኖች አደንን፣ ከአደን የሚነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ድሬዳዋን ይደበድቡ ነበር። ነጋዴው በአደን ወደብ የምትጎተተውን መርከብ ሲያዩ ቤታቸው የቀረው በጠላት እጅ ባለች ከተማ ነበር። «የእንግሊዝ ሰርጓጅ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ቢቀር፣ ከምጽዋ የተነሣው ጠላት መማረኩ ከፎቶግራፉ ላይ ይጠፋ ነበር።

እንግሊዞች ጋሊሌይን ጠግነው መጀመሪያ «ኤክስ 2»፣ በኋላም «ፒ 711» ብለው መዘገቧትና ለባሕረኞቻቸው መለማመጃ አደረጓት። ስለዚህ የነጋዴው ጽሑፍ ትንሽ ቆይቶ እውነት ሆኗል።